የባቡሩ ቀኝ ጎን

አያ ታከለ መሞቱን የነገረኝ ከድብ ባሕር ገብስ ጭኖ የመጣ ሹፌር ነው። «ያ ባቡር ሠሪው ሽማግሌያችሁ አረፈ እኮ፤ ማክሰኞ ቀበርነው» አለኝና፣ እግዜር ያጥናህ እንኳ ሳይል ስለ ዛሪማ ቁልቁለትና ስለ ፍሬኑ ማማረሩን ቀጠለ። እኔም ስለ ፍሬኑ እየመለስሁለት ቆየሁ። ነገሩ የገባኝ መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። የቆርቆሮ መቀሴን አስቀምጬ፣ ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ሰው ሲሞት ክፉው ተረስቶ ደጉ ይወራል። ደጉን ዘመዶቹ ያውሩት። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ከእሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሠርቻለሁ፤ የማስታውሰው ያናደደኝን ነው። ያናደደኝ ደግሞ ብዙ ነው።

አያ ታከለ ጎንደር ውስጥ ትንንሽ ባቡር እየሠራ የሚሸጥ ሰው ነበር። ጎንደር ባቡር የላትም። ኖሯትም አያውቅም፤ ሊኖራት ነው ሲባል ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። ጣሊያን ፒያሳውንና ሲኒማ ቤቱን ሠርቶ ሄደ፤ ሐዲድ አልዘረጋም። እንግዲህ ሕዝቡ ባቡርን በወሬ ብቻ በሚያውቅበት ከተማ፣ ይህ የቄስ ልጅ፣ መዳፍ የሚሞላ ባቡር እየሠራ ሊኖር ተነሣ።

የተሠራ ባቡር ቢሸጥ እንኳ ደግ ነበር። እሱ የሚሸጠው ያልተሠራ ባቡር ነው። የተቆረጠ ቆርቆሮ፣ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ አቅልጦ ያፈሰሳቸው ጎማዎች፣ ምስር የሚያህሉ ፋኖሶች፣ ከመርፌ ቁራጭ የተሠራ የእጅ መደገፊያ፣ ጭስ ማውጫ፣ ደወል፣ ሁሉንም በየብጣሽ ወረቀቱ ጠቅልሎ በሻማ ካርቶን ይከትና «ገጣጥመህ ሥራው» ብሎ ይሰጥሃል።

ይህን ጉድ የተማረው ከአንድ ፈረንጅ ሐኪም ነው። ዓይኑን ሊታከም ሄዶ፣ ሐኪሙ መስኮት ሥር ጠረጴዛ ላይ የባቡር ብልት ተዘርዝሮ አየ። ጢሙን ያሳደገ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው፣ ከአገሩ በሣጥን ያስመጣውን ባቡር ከሥራ መልስ ሲለጣጥፍ ያመሻል። አያ ታከለ የዓይን መድኃኒቱን ረስቶ ተመለሰ።

«አለባቸው» አለኝ፣ «ፈረንጅ ባቡሩን የሚገዛው ሊያየው አይደለም፤ ሊሠራው ነው። ምነው እኔስ አልሸጥለት?»

እኔ ያን ጊዜ እሱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ኩራዝ እየሠራሁ የምሸጥ ሰው ነበርሁ። ቆርቆሮ አቆራረጤን አይቶ ወደ ውስጥ አስገባኝ። በዚያው ቀረሁ።

ፈረንጆቹ ወደዱለት። ችግሩ የኛ ሰው ነው። የኛ ሰው ፈረንጅ የገዛውን ሳይገዛ አያድርም። ቀሐ የሚኖሩ አንድ ግራዝማች አንዱን ካርቶን ገዝተው፣ እንግዳ ጠርተው፣ በእንግዳው ፊት ከፈቱት። በማግሥቱ አሽከራቸው ካርቶኑን ታቅፎ መጣ።

«ጌቶች ባቡሩ ተሰባብሮ ነው የተሸጠልኝ፤ ደህናውን ላክ ይሉሃል።»

«አልተሰበረም በላቸው» አለ አያ ታከለ፣ ቀና ሳይል። «ገና አልተወለደም።»

አሽከሩ የተባለውን ሳይቀንስ አደረሰ መሰለኝ፣ ግራዝማች ራሳቸው መጡ። በሩ ላይ ቆመው፣ «አንተ ሰው፣ ልብስ ሰፊ ጨርቁን ቆርጦ ከነመርፌው ሲሰጥ አይተህ ታውቃለህ?» አሉት።

«ልስፋው የሚል ካለ ይሰጣል፣ ጌታዬ።»

በመጨረሻ እኔ ቤታቸው ሄጄ ገጠምሁላቸው። ከዚያ ወዲያ አያ ታከለ ለኛ ሰው በሸጠ ቁጥር ገዢውን ተከትዬ መሄድና መግጠም የኔ ሥራ ሆነ። ገዢዎቹም ለእንግዳ ሲያሳዩት «እኔው ነኝ የገጠምሁት» ይላሉ። አብሬያቸው ቆሜ ራሴን እነቀንቃለሁ።

በየካርቶኑ ውስጥ በእጁ የጻፈው መመሪያ አለ። ለወግ ያህል በስመ አብ ብሎ ይጀምርና ወዲያው ወደ ቁጣ ይሄዳል። «ቁጥር ፰ን ከቁጥር ፯ በፊት የለጠፍህ እንደሆነ አንሣውና እንደገና ጀምር፤ ሠሪውንም አትስደብ።» «ቁጥር ፲፪ ከጠፋብህ ከምንጣፉ ሥር ፈልግ፤ እዚያ ከሌለ ልጅህ ውጦታል፤ አይጎዳውም።» አንድ ዲያቆን ይህን መመሪያ ለመሳቅ ብቻ ካርቶን እንደገዛ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ልኩስ? የሐኪሙ ባቡሮች ልካቸው በወረቀት ተጽፎ ይመጣል። አያ ታከለ ግን የእውነተኛው ባቡር አንድ ክንድ በሱ ባቡር አንድ የገብስ ፍሬ እንዲሆን ወሰነ። ከድብ ባሕር፣ ከአባቱ ማሳ ያመጣትን አንዲት ፍሬ በክብሪት ቤት ውስጥ ያኖራታል። ጎማውንም በሯንም ጭስ ማውጫውንም የሚለካው በሷ ነው። አንድ ክረምት አይጥ ክብሪት ቤቱን ቀዳ ልኩን በላችበት። አያ ታከለ ሦስት ቀን እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሌላ ገብስ ከገበያ ላምጣልህ ስለው፣ «የማን ማሳ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አለኝ። በአራተኛው ቀን ድብ ባሕር ወርዶ ሌላ ፍሬ ይዞ ተመለሰ። የዚያ ዓመት ገብስ ዝናብ ጠግቦ ኖሮ ፍሬዋ ደንደን ያለች ናት። ባቡሮቻችንም አብረው ደነደኑ። አምና ሐዲድ የገዛ ሁሉ የዘንድሮው ፉርጎ አልቆም አለው። «ምነው አያ ታከለ?» ብለው ሲመጡበት፣ «ዘመኑ የጥጋብ ነው፤ ሐዲድ ጨምሩ» እያለ ይመልሳቸዋል። አያፍርም ነበር።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልሁት የባቡሩን ቀኝ ጎን ነው።

የአያ ታከለን ባቡር በግራ በኩል ብታየው እጅን በአፍ ያስጭናል። እኔ ልሙጡን ቆርቆሮ ቆርጬ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ከጀርባው በመርፌ ጫፍ እየወጋ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ያወጣቸዋል። ንድፍ አያይም፤ ከልቡ ነው። መሰላሉ፣ ቧንቧው፣ አንድ ቦታ ላይ የተጣፈ ንጣፍ ሳይቀር አለ። ገልብጠህ ቀኙን ስታይ ግን ባዶ ቆርቆሮ ነው። መስኮት የለ፣ ብሎን የለ፣ በር የለ።

ምክንያቱን ሳልሰማ አንድ ዓመት ሠራሁ። ስሰማ ሣቄ አላቆም አለኝ። አያ ታከለ በጣሊያንም በእንግሊዝም ጊዜ አስመራ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ቤት ውስጥ መዝጋቢ ነበር፤ ዐሥር ዓመት። ከወንበሩ ፊት አንዲት መስኮት አለች። በመስኮቷ ፊት ለፊት ፉርጎ የሚጎትት አንድ ትንሽ ባቡር ወደ ፊት ይሄዳል፣ በዚያው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ዞሮ አያውቅም። ስለዚህ አያ ታከለ ዐሥር ዓመት ሙሉ ያየው ግራ ጎኑን ነው።

«ከሥራ ስትወጣ ተሻግረህ አታየውም?» አልሁት።

«ሐዲድ መሻገር ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ነበር።»

«ዐሥር ዓመት ሙሉ?»

«ዐሥር ዓመት ሙሉ ይል ነበር።»

«እንግዲያስ ግራውን ገልብጠህ ቀኙ ላይ ድገመዋ።»

መርፌውን አስቀመጠና እጄን ያዘኝ። መቀስ የበላው የግራ አውራ ጣቴ ላይ ጠባሳ አለ። «ይህ ጠባሳ ቀኝ እጅህ ላይ አለ?» አለኝ። የለም። «በል ተወኝ። ባላየሁት አልመሰክርም።»

ይህች «ባላየሁት አልመሰክርም» የምትባል ነገር ጠላት አፍርታበታለች። አንድ ጎረቤታችን ፍየሉ ተሰርቃበት ተከሳሹን ሲያስቀርብ አያ ታከለን ምስክር ቆጠረው። ሌባው ፍየሏን እየጎተተ በሱቃችን በር ሲያልፍ አይቷል ተብሎ ነው። ዳኛው ፊት ቆሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጅራት አይቻለሁ። የማን ጅራት እንደሆነ አላውቅም።» ሌባው ተፈታ። ጎረቤታችን እስኪሞት ሰላም አላለንም፤ እኔንም ጭምር፣ ያኔ ቤቴ ተኝቼ የነበርሁትን። በዚያው ችሎት ሌሎች አራት ሰዎች ፍየሏን ከነስሟ እናውቃታለን ብለው ምለዋል፤ አንዳቸውም አላዩም። እነሱ የተከበሩ ሰዎች ሆነው ኖሩ።

ከዚያ የመንገዱ ወሬ መጣ። ማዘጋጃ ቤቱ መንገድ ሊያሰፋ ነው፤ ወረቀት የሌለው ሱቅ ይፈርሳል ተባለ። የኛ ሱቅ ወረቀት የለውም። አያ ታከለ ደግሞ የአባቱን መሬት ለወንድሙ ትቶ የመጣ ነው፤ ከዚያች ሱቅ በቀር በዚህ ዓለም ላይ ምንም የለው። ከፈረሰች በስተርጅና የወንድም ጥገኛ ሆኖ ድብ ባሕር መግባቱ ነው። እኔም ወደ ኩራዜ፣ ወደ ደጃፍ መመለሴ ነው።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሹም ሊመጡ ሆነ። የከተማው ሽማግሎች ተሰብስበው፣ ባቡር ይግባልን ብለን እንለምናቸው፣ ባዶ እጃችንን ከምንቀርብም ባቡር ሰጥተን ባቡር እንለምን አሉ። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ወደ ሱቃችን መጣ። አንዱን ባቡር አንሥቶ ግራውን አየና ደስ አለው። ገለበጠው።

«ምነው ይኼኛው ራቁቱን ቀረ?»

አያ ታከለ የመስኮቷን ታሪክ ሊጀምር ሲል በክርኔ ጎሰምሁት። ሹሙም፣ «ሁለቱም ጎን ያለቀ አምጡልኝ፤ የሱቁ ወረቀት የኔ ጉዳይ ነው» ብሎ ወጣ።

ለመንሁት፤ ተቆጣሁት። «ሱቁ እኮ ይፈርሳል፣ አያ ታከለ።»

«ይፍረስ። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ከማቆመው ቢፈርስ ይሻላል።»

«ቆርቆሮ ነው፤ ወንጌል አይደለም።»

«ላንተ ቆርቆሮ ነው» አለኝ። ወደ መርፌውም ተመለሰ። በዚያው ሳምንት የእናቱ ተዝካር ደርሶ ድብ ባሕር ወረደ።

እሱ በሄደ በማግሥቱ ቀኙን እኔ ሠራሁት። ባቡር አይቼ አላውቅም። የማውቀው ፋኖስና በቅሎ ነው። ስለዚህ አንድ ቆንጆ ፋኖስ ከነመከለያው ሰቀልሁበት። በር አበጀሁለት፤ በሩ ላይ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንዳለው ጉብ ጉብ ያሉ ምስማሮች ደረደርሁ። ከበሩ ሥር ደግሞ፣ ሰው ወደዚህ ከፍታ በምን ይወጣል ብዬ አሰብሁና፣ እርካብ አንጠለጠልሁ። አዎ፣ የበቅሎ እርካብ። ሳየው አማረኝ። ወስጄ ለማዘጋጃ ቤቱ ሹም አስረከብሁ።

ትልቁ ሹም የመጡ ዕለት አያ ታከለም ከድብ ባሕር መጣ። ከጭነት መኪና እንደወረደ አቧራውን ሳያራግፍ ወደ አዳራሹ ጠሩት። ባቡሩ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አያ ታከለ ግራውን ከሩቅ አይቶ ፈገግ አለ። ትልቁ ሹም ባቡሩን አንሥተው አዞሩት። የአያ ታከለ ፈገግታ እዚያው ላይ ቆመ።

«ይኸ ነው ባቡር» አሉ ትልቁ ሹም፣ ቀኙን በጣታቸው እየነኩ። «እኔ እስከ ጅቡቲ ስንቴ ተመላልሼበታለሁ። መወጣጫው ቁርጥ ይኸ ነው። ይኸንን የሠራ ሰው ባቡር ያውቃል።» ቀጥለው ግራውን አዩ። «ይኸኛው ግን ምነው እንዲህ ብሎን ተዘራበት? ይኸስ የተጣፈው ምንድን ነው? ትንሽ አበዛችሁት።»

አዳራሹ ውስጥ ባቡር አይቶ የማያውቀው ሁሉ፣ እውነት ነው፣ ተዘርቶበታል፣ አለ።

«ማነው ሠሪው?»

የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አያ ታከለን ወደ ፊት ገፋው። እጅ ነሣና ቀና አለ። «ግራውን እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ። «ቀኙን እሱ ነው» ብሎ ወደ እኔ አመለከተ። «ባቡር አይቶ አያውቅም።»

 ጉድ ፈላ ብዬ ወለል ወለሉን ሳይ ትልቁ ሹም ሣቁ። «ሳያይ እንዲህ የሠራ ቢያይማ ምን ሊሆን ነው!» አሉ። አዳራሹም ሣቀ፣ አጨበጨበ። የሱቁ ወረቀት በሳምንቱ ተጻፈ፤ በእኔ ስም።

አሁን አንባቢ፣ አንተስ ምን አልህ ብሎ ይጠይቀኛል። ምንም አላልሁም። የለም፣ ወረቀቱ የሱ ነው፣ ማለት እችል ነበር። እጅ ነሥቼ ተቀበልሁ። ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ሳነብላት እልል አለች።

በማግሥቱ አያ ታከለ እንደ ወትሮው ማለዳ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። ዐሥር ዓመት ሐዲድ ያልተሻገረው ሰው የገዛ ሱቁን ደፍ አልሻገር አለ።

«ወንበሬ የት ይሁን?» አለኝ።

«ኧረ አያ ታከለ፣ ባለበት ነው እንጂ።»

«ሸጋ» አለና ገብቶ ተቀመጠ። መርፌውን አንሥቶ መውጋት ጀመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራውን እሱ ይሠራል፣ ቀኙን እኔ እሠራለሁ። በክፉ ዓይን አላየኝም፤ ክፉ ቃልም አልወጣውም። ያ ነው ያቃጠለኝ። ቢሰድበኝ ኖሮ እኔም ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።

ክረምቱ ሲያልፍ፣ «አስመራ ደርሼ ልምጣ» አለኝ። ለምን እንደሚሄድ አልጠየቅሁትም፤ ዐወቅሁት። ሁለት ሳምንት ቆየ። ሲመለስ እኔ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ እርካብ እየለጠፍሁ ነበር። ስድስት ካርቶን ታዟል። አንዱን አንሥቶ ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ፣ እርካቡን በጥፍሩ ነካ አድርጎ አየውና መለሰው።

«አየኸው?» አልሁት።

«አየሁት።»

«ተሻገርህ?»

«ጽሑፉን አንሥተውታል። ተሻገርሁ።»

«ምን አለው ታዲያ ቀኙ?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን አወጣና ጠረገ። «ቀኙን የምትሠራው አንተ ነህ» አለኝ። «ሂድና እይ።»

በቃ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠራን፤ አንድ ቀን እንኳ ስለ ቀኙ ትንፍሽ አላለም። ፈረንጅ መጥቶ፣ ይኸ በዚህ በኩል ያለው ምንድን ነው፣ ሲል፣ «እሱን ጠይቁት» ይላል። እኔም «የአገሩ ባቡር እንዲህ ነው» እላለሁ።

አስመራ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። የሚሄዱት ሹፌሮች ደንበኞቼ ናቸው፤ ጋቢና ያስቀምጡኝ ነበር። መጀመሪያ ክረምቱ ይለፍ አልሁ። ቀጥሎ ሥራው በዛ። ቀጥሎ የልጄ ክርስትና ሆነ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ብሄድና ባየው እርካቡን መንቀል ሊኖርብኝ ነው፤ ደንበኛው ደግሞ የሚወደው እርካቡን ነው። አያ ታከለ ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። አለማየቴን በየቀኑ አብሮኝ ተቀምጦ ያይ ነበር።

ከፋሲካ በፊት አሞኛል ብሎ ወደ ድብ ባሕር ሲወርድ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ነው። ሹፌሩ መርዶውን በነገረኝ በሦስተኛው ቀን፣ ድብ ባሕር ልቅሶ ደርሼ ተመልሼ፣ ሱቁን ከፈትሁ። የታዘዘ ሥራ አለ፤ ስድስት ካርቶን። ቆርቆሮውን ቆረጥሁ፤ ቀኙን ጨረስሁ። ግራው ቀረ። መርፌውን ያዝሁና ከየት እንደምጀምር አጣሁት። አሥራ ሁለት ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ፣ ብሎኖቹ ስንት እንደሆኑ፣ ያ የተጣፈው ንጣፍ የት ላይ እንደሚውል፣ አንድ ቀን ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። በጣም አፈርሁ። አለቀስሁም፤ ልቅሶ ቤት ያልመጣልኝ እንባ እዚያ መጣ።

ግራዝማች ቤት የሱ እጅ ያረፈበት ባቡር አለ። ቤታቸው ከሱቁ ብዙ አይርቅም፤ ሄጄ ብቆጥር የሚከለክለኝ የለም። እንባዬን ጠረግሁና ስድስቱንም በግምት ወጋኋቸው። ተሸጠው አለቁ። እስከ ዛሬ ተመልሶ የመጣ ሰው የለም።